ሦስት ዳገት፣ ሁለት የጾም ቀን፦ ከፍራንክፈርት ቦርሚዮ ወርደው የሰነበቱ ባልና ሚስት

ባልየው ለኢጣሊያ አልፕስ ያወጣው የመጀመሪያ የብስክሌት ዕቅድ በስድስት ቀን አምስት ዳገት ነበረበት። ስቴልቪዮ፣ ጋቪያ፣ ሞርቲሮሎ፣ የካንካኖ ሐይቆች፣ በመጨረሻም ስቴልቪዮ እንደገና፣ በዚያኛው ፊቱ። ሚስቱ ከወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ «እኔስ የማርፈው መቼ ነው?» ብላ ጻፈችበትና ወረቀቱ ለአስተያየት ወደ እኔ መጣ። አብረን ብስክሌት ስለምንነዳና ያንን አካባቢ ስለማውቀው ነው የላኩልኝ። ሳምንቱን ሙሉም በስልክ ተከታትያቸዋለሁ፤ ሲመለሱ የእያንዳንዱን ቀን የጉዞ መዝገብ አሳይተውኛል። ስማቸው እንዳይጠቀስ በጠየቁት መሠረት እዚህ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓ፣ ሰዓቱና ወሩ እንደ እኛ አቆጣጠር ነው።

ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ጀርመን አገር ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው። እሱ የከተማ ባቡር ነጂ ነው፤ እሷ የሆስፒታል ነርስ። ዕድሜያቸው አርባዎቹን አጋምሷል። እሱ ብስክሌት በቁም ነገር የያዘው ግንቦት 2022 ላይ፣ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በኢጣሊያ የብስክሌት ዙር፣ በጂሮ ዲታሊያ፣ የሲ ከተማ ላይ ያለቀውን የአንድ ቀን ውድድር ሆላንዳዊውን ቫን ደር ፑልን ቀድሞ ካሸነፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ፍራንክፈርት ውስጥ ብስክሌት የገዛው ሐበሻ እሱ ብቻ አልነበረም። እሷ ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ ሲላት ከእሱ ጋር መውጣት ጀመረች፤ እያደር ልማዱ የእሷም ሆነ። የልምምድ ቦታቸው ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው የታውኑስ ተራራ ነው። ትልቁ ጫፉ ፌልድበርግ 880 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከግርጌው ተነስቶ ጫፉ ለመድረስ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከቦርሚዮ ወደ ስቴልቪዮ የሚወጣው 1,533 ሜትር ነው። ዕቅዱን ሳይ መጀመሪያ ያነጻጸርኩት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነበር።

ሳምንቱ እንዴት ተመረጠ

ባልየው ፈቃድ የጠየቀው ለነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ነበር። እሷ አልተስማማችም። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ እስከ 16 ድረስ ጾም ነው። እሷ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ አታጎድልም፤ ቁርባን የምትቀበልበትም ጊዜ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ መውጣት ደግሞ ጀግንነት ተብሎ የሚወራ ቢሆንም መጨረሻው ራስ ማዞር ነው። ከፍልሰታ በፊት ያለው ጾመ ሐዋርያት፣ እኛ የሰኔ ጾም የምንለው፣ ርዝመቱ በየዓመቱ ቢለያይም የሚያበቃው ሁልጊዜ ሐምሌ 5 ነው። ስለዚህ ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 30 ባለው ጊዜ፣ በፈረንጅ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የለም። የአልፕስ ከፍተኛ መንገዶችም በረዶው ተጠርጎ ክፍት የሚሆኑት በዚሁ ወቅት ነው። እሷ ከዚህ ውስጥ የሐምሌን ሦስተኛ ሳምንት መረጠች።

ረቡዕና ዓርብ ግን ቀሩ። ባልየው እነዚህን ቀናት እንደ ጉድለት ነበር ያያቸው፤ «ከስድስት ቀን ሁለቱ ሄደ» አለኝ። እኔ ግን የዕቅዱን ችግር የፈታው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እነሱን የመሰለ፣ በሥራ ሳምንት መካከል እየሰረቀ የሚለማመድ ሰው ከአንድ ትልቅ ዳገት በኋላ አንድ ሙሉ ቀን እግሩን ማሳረፍ አለበት። ይህን በምክር ብናገረው ባልየው አይሰማም ነበር። የጾም ቀን ሲሆን ግን ክርክር የለውም። ረቡዕና ዓርብ የመዝናኛ ቀን ሆኑ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የዳገት ቀን፣ እሑድ ማሟሟቂያ፣ ሰኞ ከተማ መዞሪያ። ሞርቲሮሎን እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ከማዞ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ቢሆንም አማካይ ዳገቱ ከመቶ አሥር ይበልጣል፣ አንዳንድ ቦታ አሥራ ስምንት ይደርሳል። ለባልና ሚስት ሰላም የሚበጅ መንገድ አይደለም።

ለምን ቦርሚዮ

ቦርሚዮ በሰሜን ኢጣሊያ፣ ቫልቴሊና በሚባለው ሸለቆ ራስ ላይ፣ 1,225 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስቴልቪዮ፣ ጋቪያና ካንካኖ ሦስቱም ከከተማዋ አደባባይ ይጀምራሉ። በየማለዳው ብስክሌት መኪና ላይ መጫን፣ ማቆሚያ መፈለግ የለም። ፍል ውኃ አለ። ወደ ታች አውቶቡስ ከተያዘ ቲራኖ ላይ ቀዩ የስዊስ ባቡር ይገኛል። ባልየው መጀመሪያ የፈለገው በዚያኛው ወገን፣ ፕራቶ በኩል ማደር ነበር፤ በፎቶ የሚታየው አርባ ስምንት መታጠፊያ ያለው እዚያ ነውና። ብስክሌት ብቻ ለሚነዳ ሰው እሺ ይሁን። ለእነዚህ ለሁለቱ ግን ቦርሚዮ ይሻል ነበር፤ ሳይነዱ የሚውሉበት ቀንም ሙሉ ቀን እንዲሆን።

መኪና የላቸውም። ከፍራንክፈርት ሚላኖ በባቡር፣ ከሚላኖ ቲራኖ በሌላ ባቡር፣ ከዚያ አርባ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄዱ። የሚላኖና የቲራኖው ባቡር የኮሞን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር ይዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል፤ በስተ ግራ መቀመጥ ነው። ብስክሌት ይዘው አልሄዱም፣ እዚያው ተከራዩ። የያዙት የራሳቸውን ኮርቻና ፔዳል ብቻ ነው፤ ይህን ምክር ለማንም እሰጣለሁ። ሰው ከኪራይ ብስክሌት ጋር የሚጣላው በኮርቻው ነው።

እሑድ፦ ጠቡ

ወደ ካንካኖ የሚወስደው መንገድ ቀላሉ ነው ተብሎ ለማሟሟቂያ ተመደበ። ከቦርሚዮ ተነስቶ ከሰባት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣና ፍራኤሌ በሚባሉት ሁለት የመካከለኛው ዘመን ግንቦች ሥር፣ 1,941 ሜትር ላይ ያልቃል። መንገዱ በገደሉ ፊት ላይ እየተጣጠፈ ስለሚወጣ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ያያል። ጠቡን ያመጣው ይኸው ነው።

ባልየው ይቀድማል። በየመታጠፊያው ቆሞ ውኃ እየጠጣ ይጠብቃታል። እሷ እያለከለከች ስትደርስ እሱ አርፎ ጨርሷልና «በርቺ» ብሎ ወዲያው ይነሳል። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆመችም። ይህ አራት አምስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ እሷ ብስክሌቷን ከግንቡ ድንጋይ አስደግፋ «ከአሁን ወዲያ ቆመህ እንዳትጠብቀኝ» አለችው። እሱ ግራ ተጋባ። በእሱ ቤት ደግ የሠራ መስሎታል። የሚጠብቅ ሰው ዕረፍት ያገኛል፣ የሚጠበቅ ሰው አያገኝም፤ በዚያ ላይ ከላይ ቆሞ የሚያይ ዓይን አለ። ከእኔ ጋር የሚነዱ ባልና ሚስት ሁሉ ይህን ጠብ አንድ ጊዜ ተጣልተውታል።

ሜዳ ላይ ይህ ችግር የለም። ደካማው ከብርቱው ኋላ ተጠግቶ ነፋስ ይከለላል፤ በአንድ ፍጥነት አብሮ መሄድ ይቻላል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ በሰዓት ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲሆን የሚከለሉት ነፋስ የለም። የሚወስነው የሰውና የብስክሌት ክብደት፣ እግሩም የሚያወጣው ኃይል ብቻ ነው። ሁለት ሰው በየራሱ አቅም ካልወጣ አንዱ ይቃጠላል ወይም ሌላው ይሰለቻል።

ከግንቦቹ በኋላ ግን ያ ቀን ተስተካከለ። ላይኛው ሜዳ ላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተገደቡ ሁለት ሐይቆች አሉ፣ ዙሪያቸው ደልዳላ የጠጠር መንገድ። ቀስ ብለው ጎን ለጎን ዞሩት። እዚያ ሆነው ደወሉልኝና ለማክሰኞ ምን እናድርግ አሉኝ።

የሂሳቡ ጉዳይ

ሂሳቡን ሰኞ፣ እነሱ ቦርሚዮን ሲዞሩ ሠራሁት። በነገራችን ላይ ሰኞ ያለ ምንም ዕቅድ የተተወ ቀን ነበር። ኩዌርክ የሚባለውን፣ ድሮ በአደባባይ ፍርድ ይሰጥበት የነበረውን ጣሪያ ያለውን ዳስ አዩ፣ ብሬሳኦላ በሉ። ብሬሳኦላ በጨው ተይዞ የሚደርቅ የበሬ ሥጋ ነው፣ ከቋንጣ ግን በጣም ይለሰልሳል። ከዚያ ተኙ።

እሱ ከብስክሌቱና ከልብሱ ጋር 88 ኪሎ ይመዝናል፣ እሷ 72። በፌልድበርግ ዳገት ላይ ከተመዘገበው ተነስቼ ሁለት ሰዓት በላይ ሊያዘልቁ የሚችሉትን ኃይል ለእሱ 190 ዋት፣ ለእሷ 125 ዋት ብዬ ያዝኩ። 1,533 ሜትር ከፍ ለማለት የሚጠይቀውን ጉልበት አስልቼ፣ ለጎማና ለአየር መቋቋሚያ አሥራ ሁለት ከመቶ ብጨምርበት እሱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ እሷ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ልዩነቱ ሠላሳ ምናምን ደቂቃ ነው። ስለዚህ እሷ ቀድማ ትነሳ፤ 45 ደቂቃ። ጫፍ ላይ ትንሽ ቀድማ ትድረስ እንጂ መንገድ ላይ እንዳይደርስባት።

ኤሌክትሪክ ብስክሌት ብትከራይስ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። «ስቴልቪዮን በሞተር ወጣች ልባል ነው?» ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ፦ ስቴልቪዮ

ስቴልቪዮ 2,757 ሜትር ነው። በአልፕስ ካሉት አስፋልት መተላለፊያዎች ከፈረንሳዩ ኢዘራን ቀጥሎ ሁለተኛው ከፍተኛ ነው። መንገዱ የተሠራው ከ1820 እስከ 1825፣ ሎምባርዲያ በኦስትሪያ ሥር ሳለች፣ ካርሎ ዶኔጋኒ በተባለ መሐንዲስ ነው። ጂሮ ዲታሊያ መጀመሪያ ያለፈበት በ1953 ሲሆን ፋውስቶ ኮፒ ከፕራቶ በኩል ወጥቶ፣ ኹጎ ኮብሌትን ጥሎ፣ ወደ ቦርሚዮ ቁልቁል ወርዶ ሮዙን የመሪነት ማሊያ ከእጁ ወሰደ፤ አምስተኛ የጂሮ ድሉንም አደረገው። ባልየው ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። ሚስትየዋ በዚያ ሳምንት ብቻ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች።

ከቦርሚዮ ጫፉ 21 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ አማካይ ዳገቱ 7.1 ከመቶ። እሷ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች፣ እሱ 1 ሰዓት ከሩብ። ቶሎ መነሳቱ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፦ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መንገዱ የሞተር ብስክሌተኞች ይሆናል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ የሐምሌ ነጎድጓድ አለ። መንገዱ መካከል ጠባብና ጨለማ የሆኑ ዋሻዎች አሉ፤ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን የኋላ መብራት ግድ ነው። ይህን ሁለቱም ይዘው ነበር።

ከዋሻዎቹ በኋላ ስፖንዳሉንጋ የሚባለው፣ መንገዱ በአንድ የገደል ፊት ላይ እየተጣጠፈ የሚወጣበት ክፍል ይመጣል። ባልየው እዚያ ሲደርስ ወደ ላይ እያየ ይፈልጋት ጀመር። አላያትም። ይህን ጊዜ የሠራው ስሕተት በመዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ልይዛት ብሎ ለሩብ ሰዓት ያህል ከ240 ዋት በላይ ረገጠ። ከዚያ ወዲያ ወደ 160 ወረደና ተመልሶ አልወጣም። የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ፣ ወደ ስዊስ የሚወስደው የኡምብራይል መንገድ ከሚገነጠልበት በላይ፣ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም ነበር።

ከፍታው የራሱን ድርሻ ወስዷል። በ2,757 ሜትር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። «እኔ እንጦጦ ሥር ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም» ይል ነበር ከመሄዳቸው በፊት። እንጦጦ በእርግጥ ከስቴልቪዮ ይበልጣል። ግን ደም ከከፍታ ጋር የሚለማመደው እዚያው ሲኖሩ ነው፤ ቆላ ወርደው ጥቂት ወራት ከቆዩ ይረሳዋል። ፍራንክፈርት ከባሕር ወለል በላይ መቶ ሜትር ገደማ ነች።

እሷ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ጫፍ ደረሰች። ቋሊማ በዳቦ የሚሸጥበት ጋሪ ተከፍቶ አገኘችው፤ ማክሰኞ ነው፣ ጾም አይደለም። እሱ 3 ሰዓት ከ45 ላይ ፊቱ ገርጥቶ ሲመጣ የመጀመሪያውን ጨርሳ የእሱን አስጠብሳ ነበር። ሙቀቱ ከአሥር ዲግሪ በታች ስለነበር የንፋስ መከላከያና የረጅም ጣት ጓንት አወጡ፤ ቁልቁለቱን የሚያበላሸው ብርድ ነው፣ ጣት ከደነዘዘ ፍሬን በልክ መያዝ አይቻልም። ቁልቁል አብረው፣ እሷ ከፊት ሆና ወረዱ። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ እንጂ እስከ ታች ድረስ ፍሬኑን እያሻሹ አለመውረድ የሚለውን ባልየው ከእኔ ይልቅ ከእሷ ቢሰማው ይቀበላል።

እሑድ የተጣሉት ባልና ሚስት ማክሰኞ ማታ በአንድ ድምፅ ነበር የሚያወሩት። የተለወጠው የመነሻ ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ ሲደረግ ቀዳሚው የሚጠብቅበት መታጠፊያ የለም፣ ኋለኛውም የሚያሳዝን ሰው አይደለም። እንዲያውም አሳዳጁ እሱ ሆነ።

ረቡዕ፦ ቀዩ ባቡር

የቲራኖ ጣቢያ 429 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ የሚነሳው የበርኒና ባቡር ጥርስ ያለው ሐዲድ ሳይኖረው፣ በመንኮራኩሩና በሐዲዱ ሰበቃ ብቻ እስከ ሰባት ከመቶ ዳገት እየወጣ 2,253 ሜትር ላይ ኦስፒዚዮ በርኒና ይደርሳል። መስመሩ በ1910 ተጠናቀቀ፤ በ2008 ከአልቡላው መስመር ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባቡር ነጂ ለሆነ ሰው ይህ መዝናኛም ሥራም ነው። ትናንት በእግሩ የወጣው 7.1 ከመቶ፣ ዛሬ ባቡሩ የሚወጣው ሰባት ከመቶ፤ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ስለ ሞተሩና ስለ ፍሬኑ ሲያወራ ዋለ። ብሩዚዮ ላይ ባቡሩ በክብ ድልድይ ዞሮ ከራሱ ሐዲድ ሥር ሲያልፍ ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር፤ በቪዲዮው ውስጥ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነው።

እሷን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ባቡሩ ከቲራኖ ሲወጣ እንደ ከተማ ባቡር በመንገዱ ላይ እየሄደ በማዶና ዲ ቲራኖ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኑ እመቤታችን በ1504 መስከረም ወር እዚያ ቦታ ታየች ተብሎ የተሠራ ነው። ሲመለሱ ወርዳ ገባች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ታውቃለች፤ «የእናታችን ቤት ነው» ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ መግባቷ ብቻ ከበዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የበላችው ፓስታ በቲማቲም ስጎ ነው፣ አይብ እንዳይነሰነስበት ተነግሮ። የጾም ምግብ ከኢጣሊያ የሚቀልበት የአውሮፓ አገር አላውቅም። የቫልቴሊናው ፒዞኬሪ ግን በቅቤና በአይብ የተሞላ ስለሆነ ለሐሙስ ተቀጠረ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ባቡሩ ከኢጣሊያ ወደ ስዊስ ይሻገራል። የሸንገን አካባቢ ቢሆንም ቁጥጥር ሊኖር ይችላልና ፓስፖርትም የመኖሪያ ፈቃድም ይዞ መሄድ ነው፤ ሆቴል ትቶ መሄድ አይደለም።

ሐሙስ፦ ጋቪያ፣ ሰማንያ ሜትር የቀረው

በጋቪያ ቀን እሷ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመሞከር ራሷ ፈለገች። ስቴልቪዮን በእግሯ ጨርሳለችና ከእንግዲህ ማንም ምንም አይላትም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ እሑድ ቢሰጣት ኖሮ የድካሟ ማስረጃ ይሆንባት ነበር፣ ሐሙስ ግን መጫወቻ ሆነላት። በአውሮፓ ሕግ ሞተሩ በቋሚነት 250 ዋት ብቻ ነው፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን ያቆማል፣ ፔዳል ካልተረገጠም አይሠራም። ብስክሌቱ ብቻውን 24 ኪሎ ነበር። ከቦርሚዮ ጋቪያ ወደ 1,400 ሜትር ለመውጣት ለእሷና ለብስክሌቱ 330 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ከዚህ ግማሹን እሷ ከረገጠች 600 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ተርፎ ይመለሳል። ዝቅተኛው እገዛ ላይ አድርጋ ከእሱ ጎን ለጎን ወጣች። በዚያ ሳምንት ዳገት ላይ እየወጡ የተጨዋወቱት ያን ቀን ብቻ ነው። በእርግጥ የምታወራው እሷ ነበረች፣ እሱ ትንፋሽ አልነበረውም።

ችግሩ የመነሻ ሰዓቱ ነው። ረቡዕ ማታ ከቲራኖ የመጣው አውቶቡስ ሲያደርሳቸው የኪራይ ሱቁ ተዘግቷል። ጠዋት እስኪከፈት ጠበቁ፣ ኮርቻ አስተካከሉ፣ ሲነሱ ሦስት ሰዓት አለፈ። ሳንታ ካተሪና ላይ፣ 1,738 ሜትር፣ ቡና ጠጡ። ትንበያው ነጎድጓድ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው ይል ነበር። ተራራ ላይ የትንበያ ሰዓት በአንድ በሁለት ሰዓት መሳት የተለመደ ነው፤ ማለዳ ለተነሳ ሰው ይህ ምንም አይደለም፣ አርፍዶ ለተነሳ ግን ሁሉም ነገር ነው።

ከሳንታ ካተሪና በላይ መንገዱ ይጠብባል፣ ዛፍ ያልቃል። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከደቡብ በኩል ጠቆረ። ሪፉጂዮ በርኒ የሚባለው የተራራ ማረፊያ 2,541 ሜትር ላይ ነው፤ መተላለፊያው ራሱ 2,621። ቀሪው ሰማንያ ሜትር ከፍታ ነው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ። ማረፊያው በር ላይ ሲደርሱ በረቀ። እሷ ቆጠረች፤ ነጎድጓዱ በዘጠነኛው ሰከንድ ተሰማ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ቀጣዩ መብረቅ የት እንደሚወድቅ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

ባልየው «አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ነክተን እንመለስ» አለ። እሷ «አንተ ንካው፣ እኔ ሾርባ እጠጣለሁ» ብላ ገባች። ተከትሏት ገባ። ብዙም ሳይቆይ በረዶ ወረደ።

ጋቪያ ላይ አየር እንዴት እንደሚለወጥ ብስክሌት የሚወድ ሁሉ ያውቃል። ግንቦት 1988 ጂሮው በዚሁ ተራራ ላይ ሲያልፍ በረዶ እየጣለ ነበር። ብርዱ ጉዳት ያደረሰው ከዳገቱ ይልቅ ወደ ቦርሚዮ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ በወጡበት መንገድ። አንዲ ሃምፕስተን ያን ቀን ሁለተኛ ወጥቶ ሮዙን ማሊያ ለበሰ፣ መጨረሻም ጂሮውን ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ያን ጊዜ ከፊቱ ሞተር፣ ከኋላው የቡድን መኪና ነበረው። እነዚህ የነበራቸው ሁለት ስስ ጃኬት ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ ቆመ። ባልየው አሁንም ወደ ላይ ያያል። ከምዕራብ ሌላ ደመና እየመጣ ነበር። መንገዱ ርጥብ፣ ብስክሌቷ ከባድ፣ ቁልቁለቱ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወረዱ። እሱ ሳንታ ካተሪና እስኪደርሱ አልተናገረም። ማታ የቀረበው ፒዞኬሪ፣ ጠቆር ካለው የባክዊት ዱቄት የሚሠራ ጥፍጥፍ ፓስታ ከድንችና ከጥቅል ጎመን ጋር፣ በቀለጠ ቅቤና አይብ ሰጥሞ ሲመጣ መናገር ጀመረ።

በዚህ ውሳኔ ላይ ከሰው ጋር ተከራክሬያለሁ። አንዳንዱ ከዝናቡ በኋላ መሞከር ይቻል ነበር ይላል። ምናልባት። ግን ሳምንቱን ከመነሻው ሳየው የውሳኔው ጥንካሬ ከመብረቁ አይደለም። እሷ ማክሰኞ ባሏን ቀድማ ጫፍ ያልደረሰች ብትሆን ኖሮ ሐሙስ «እንመለስ» ስትል እንደ ደካማ ምክንያት ይቆጠርባት ነበር። ሁለቱም ያን ቀን እኩል ቃል ነበራቸው።

ዓርብ

ወደ ፍል ውኃ ሄዱ። ቦርሚዮ ላይ ባኒ ቬኪ የሚባለው ጥንታዊው መታጠቢያ ከስቴልቪዮ መንገድ መነሻ አጠገብ በገደል ላይ ነው የተሠራው። ውኃው ከምንጩ በአርባ ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በማስታወሻው የቦርሚዮን መታጠቢያ ጠቅሷል። ሶደሬንና ወንዶ ገነትን ለሚያውቅ ሰው ፍል ውኃ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቁልቁል ሸለቆውን እያዩ በውጪው ገንዳ መቀመጡ ነው ልዩ የሆነባቸው። እሷ ጾም ላይ ስለነበረች በሙቀቱ ውስጥ ብዙ አልቆየችም፤ እየወጣች ውኃ ጠጣች። ነርስ ናት፣ ለዚህ ማንም አልመከራትም።

ምን ይቀየር

ዕቅዱን እንደገና ብሠራው አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ። ኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከስቴልቪዮ ሲወርዱ፣ ለሐሙስ ተከራይተው ማደሪያቸው ያሳድሩት፤ የአንድ ቀን ትርፍ ኪራይ ቢከፈልም ሐሙስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ይቻላል። ሌላው እንዳለ ይቆይ። እሑድም ጭምር፤ ጠቡ በቀላሉ ዳገት ላይ በመነሳቱ ነው ለማክሰኞ መፍትሔ የተገኘው። መጀመሪያ ስቴልቪዮን ወጥተው ቢሆን ኖሮ ያ ጠብ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ፣ በብርድ፣ መኪና በሌለበት ይፈነዳ ነበር።

ስንት ዳገት ወጣችሁ ሲባሉ አሁንም መልሳቸው ይለያያል። እሱ ሁለት ይላል፣ ጋቪያን ስላልነካው። እሷ ሦስት ትላለች። ለመጪው ዓመት ፈቃዱን ያስመዘገበችው እሷ ናት፣ ከሐምሌ 5 ቀጥሎ ላለው ሳምንት፤ ጋቪያም ማክሰኞ ላይ ተመድቧል።